መዝገቡ የቤተ መጻሕፍቱ፣ ስሙ የማን?

በአሜሪካ ትንንሽ ካውንቲዎች ወደ ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ጎራ ያለ ሰው ብዙውን ጊዜ ከኋላ በኩል፣ ከልብ ወለድ መደርደሪያዎቹ አልፎ፣ ጠበብ ያለ አንድ ክፍል ያገኛል። የአካባቢው ጋዜጣ የቆዩ ጥራዞች፣ የመቃብር ቦታዎች ዝርዝር፣ የጋብቻ መዝገብ ቅጂ፣ ቤተሰቦች በራሳቸው ወጪ አሳትመው የሰጧቸው የትውልድ ታሪኮች ያሉበት ክፍል ነው። ጥግ ላይ ትንንሽ መሳቢያዎች ያሉት የካርድ ሣጥን ይቆማል። ከካርዶቹ አንዱን ሳብ ቢያደርጉ ከላይ የሟች የቤተሰብ ስምና የራሱ ስም፣ ከሥሩ የጋዜጣው ምሕጻር፣ ቀን፣ ገጽና ዓምድ በታይፕ ተጽፏል፤ ዳር ላይ የሚስቱን ቤተሰብ የሚጠቁም ማስታወሻ በእርሳስ ተጨምሮበት ይሆናል። ካርዱን የጻፈችው ምናልባት ጡረታ የወጣች መምህርት ናት። ሳምንት በሳምንት እየመጣች፣ የመቶ ዓመት ጋዜጣ ገጽ በገጽ እያገላበጠች፣ ያለ ክፍያ ሠርታዋለች።

ከዚያ አንድ ቀን ከሌላ ስቴት የመጣ እንግዳ ስልኩን አውጥቶ መሳቢያዎቹን በተራ ፎቶ ያነሣና፣ ለሁሉም ይጠቅማል ብሎ ኢንተርኔት ላይ ይለቀዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ይቆጣል፤ ንብረታችን ነው ይላል። እንግዳው ደግሞ የሞተ ሰው ስም እንዴት የእናንተ ንብረት ይሆናል ብሎ ይመልሳል። የዘር ሐረግ የሚፈልጉ ሰዎች ባሉበት አገር ሁሉ ይህ ክርክር መልኩን እየቀያየረ ይነሣል።

እኔ ከእንግዳው ጋር የምስማማው እስከ ግማሽ መንገድ ነው። መዝገቡ መከፈት አለበት፤ በዚህ ላይ ብዙ አላመነታም። ነገር ግን «ይከፈት» ብሎ ማቆም ከባዱን ጥያቄ መዝለል ነው። ቤተ መጻሕፍቱ የመከልከል መብቱን ይዞ ሲሟገት፣ አጥብቆ ሊይዛቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮች በጎን ያመልጡታል፦ ጥራት ያለው የራሱ ቅጂ፣ ከእያንዳንዱ ገጽ ጋር የሚሄድ የምንጭነት ስሙ፣ እና ቅጂውን ለሚወስደው አካል የሚሰጠው ውል።

ነገሩ የጥቂት አዛውንቶች የትርፍ ጊዜ ጨዋታ የሚመስለው ካለ አንድ ቁጥር ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሌላ ካልተባለ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ብላክስቶን የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት አንሰስትሪ የተሰኘውን የዘር ሐረግ ኩባንያ በ4.7 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣው በአመዛኙ ለሙታን ዝርዝርና ለዘረ መል ምርመራ ለሚሰጥ የሕያዋን ምራቅ ነው።

ሕጉ ምን ይላል ለሚለው፣ አሜሪካ ውስጥ መልሱ የመጣው ከስልክ ማውጫ ነው። በካንሳስ ሰሜን ምዕራብ ሩራል የሚባል ትንሽ የስልክ ድርጅት የደንበኞቹን ስም፣ ከተማና ቁጥር በፊደል ተራ አትሞ ያድል ነበር። ፋይስት የሚባል አሳታሚ ደግሞ የብዙ አካባቢዎችን ማውጫ በአንድ ጥራዝ ማውጣት ፈለገና ፈቃድ ጠየቀ፤ ሩራል ከለከለው። ፋይስት ሳይፈቀድለት ወሰደ። ሩራል ግን ቀደም ብሎ ወጥመድ ዘርግቶ ነበር፤ በዓለም ላይ የሌሉ አራት ሰዎችን ስም ከእውነተኞቹ መሐል ሰግስጓል። አራቱም በፋይስት ማውጫ ላይ ከነስልካቸው ብቅ አሉ። መቅዳቱ እንዲህ በግልጽ ተረጋግጦ እንኳ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1991 ለፋይስት ፈረደ። ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር በጻፉት ውሳኔ መሠረት ሐቅ የማንም አይደለም፤ ሐቁን መሰብሰብ የቱንም ያህል ላብ ቢያስፈስስ፣ ላብ ብቻውን የቅጂ መብት አይወልድም። ጥበቃ የሚያገኘው በአመራረጥና በአደራደር ላይ የታየ የራስ ፈጠራ ነው። በፊደል ተራ መደርደር ደግሞ ማንም የሚያደርገው ስለሆነ ፈጠራ አይባልም።

ይህን ውሳኔ ወደ ካርድ ሣጥኑ አምጡት። የሟች ስም፣ ቀን፣ ገጽ፣ ዓምድ፦ አራቱም ሐቅ ናቸው። የተደረደሩትም በፊደል ተራ ነው። መምህርቷ የደከመችበት ሥራ በሕግ ዓይን ከስልክ ማውጫው የተሻለ ቦታ የለውም። በ1999 ደግሞ ኒው ዮርክ የሚገኝ የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ የቅጂ መብቱ ያለፈበትን ሥዕል እንዳለ የሚያሳይ ፎቶ የራሱ አዲስ መብት እንደሌለው ወሰነ። በዚሁ አመክንዮ የ1850 የጋብቻ መዝገብን ስካን ያደረገ ቤተ መጻሕፍትም በስካኑ ላይ የቅጂ መብት አለኝ ማለት ይቸግረዋል። በየገጹ ላይ የሚታተመው «መብቱ በሕግ የተጠበቀ ነው» የሚል ማኅተም አብዛኛውን ጊዜ ምኞት ነው።

አውሮፓ በዚህ ላይ የተለየ መንገድ ሄዳለች። ኅብረቱ በ1996 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ ብዙ ገንዘብና ጉልበት ፈሶበት የተዘጋጀ የመረጃ ስብስብ ፈጠራ ባይኖርበትም ለ15 ዓመት ይጠበቃል። አሜሪካ የናቀችው ላብ እዚያ ዋጋ አለው ማለት ነው። ፈረንሳይ ውስጥ በዘር ሐረግ የሚነግድ ኩባንያና የየአውራጃው ቤተ መዛግብት በዚሁ ጉዳይ ለዓመታት ተካስሰዋል።

እንግዲህ በአሜሪካ የቤተ መጻሕፍቱ ባለቤትነት በወረቀቱ ላይ ብቻ ነው። ክፍሉን መቆለፍ፣ ስልክ አታስገቡ ማለት፣ ፎቶ ለሚያነሣ ቅጽ ማስፈረም ይችላል። ፎቶው ከበር ከወጣ በኋላ ግን የሚይዝበት ገመድ ቀጭን ነው።

ያም ሆኖ የቤተ መጻሕፍቱን ቅሬታ «የምቀኛ ነገር» ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ነው። የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለበጀቱ የሚሟገተው በጎብኚ ቁጥር ነው። ከሩቅ የሚመጣ ተመራማሪ ከተማው ውስጥ ያድራል፣ ይበላል፤ ይህ ለካውንቲው ምክር ቤት ሲቀርብ ክብደት አለው። የአካባቢው የዘር ሐረግ ማኅበርም የመቃብር ጽሑፎችን ገልብጦ በመጽሐፍ መልክ ይሸጣል፤ ትርፉ ለሚቀጥለው ማይክሮፊልም መግዣ ይውላል። ያ መጽሐፍ ስካን ተደርጎ በነጻ ሲለቀቅ የሚቀጥለው ማይክሮፊልም ይቀራል። ሌላም ቁጭት አለ። ካርዱ ከሣጥኑ ሲለይ የሚያጣው ነገር ብዙ ነው፤ ያቺ በእርሳስ የተጻፈች ማስታወሻ ወደ ኮምፒውተር ሲገባ ቦታ አይሰጣትም፣ የተሳሳተ ካርድ ቢገኝ ማን ማረም እንደሚገባው አይታወቅም። እዚያው ክፍል ውስጥ ቢሆን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ «ያ ጋዜጣ ስም ሲጽፍ ይሳሳታል፣ የቤተ ክርስቲያኑን መዝገብ እዩ» ትል ነበር።

ይሁንና የከፋው ዘረፋ ስልክ ይዞ በመጣው እንግዳ አልደረሰም። በነጻ የተሰጠው በክፍያ ተመልሶ የሚሸጥበት ሁኔታ ነው ሰውን ያስኮረፈው። በ2007 አንሰስትሪ የግለሰቦችንና የማኅበራትን ነጻ ድረ ገጾች ቅጂ ሰብስቦ ለከፋይ ደንበኞቹ አቀረበ፤ ለዓመታት ያለ ክፍያ የሠሩ ሰዎች ጩኸት ሲበረታበት በቀናት ውስጥ አወረደው። ሩትስዌብ የተባለው የበጎ ፈቃደኞች መድረክም በ2000 በዚሁ ኩባንያ እጅ ገብቶ ነበር። በ2017 መጨረሻ የተጠቃሚዎች የይለፍ ቃል ማፈትለኩ ታወቀና ቦታው ተዘጋ፤ ሰዎች ለዓመታት ያከማቹት ገጽ ለወራት አልተገኘም። ጂም ቲፕተን የሚባል ሰው በ1995 የጀመረው፣ በጎ ፈቃደኞች የመቃብር ድንጋይ ፎቶ የሚያስቀምጡበት ፋይንድ ኤ ግሬቭም በ2013 ወደዚያው ቤት ገባ። እስካሁን በነጻ ይታያል፤ ነገ ምን እንደሚሆን የሚወስኑት ግን ፎቶዎቹን ያነሡት ሰዎች አይደሉም።

ኩባንያዎቹን ሰይጣን ማድረግ ግን አያዋጣም። አንድ ካውንቲ በመቶ ዓመት የማይሠራውን ስካን በወራት ይጨርሳሉ፣ ወጪውን ይችላሉ፣ ማውጫ ያወጣሉ። ዋናው ነገር ውሉ ላይ ምን ተጽፏል የሚለው ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በ2007 እና በ2008 ከሁለት ኩባንያዎች ጋር ሲስማማ፣ ኩባንያዎቹ ለ5 ዓመት ብቻቸውን ከተጠቀሙበት በኋላ ምስሎቹን ራሱ በነጻ የመልቀቅ መብቱን አስከብሯል። ፔንሲልቬንያና ኒው ዮርክ ደግሞ መዝገቦቻቸውን ለአንሰስትሪ ሲሰጡ የስቴቱ ነዋሪ ሳይከፍል እንዲያይ ተዋውለዋል። በአንጻሩ ያለ ውል የሰጠ ቤተ መጻሕፍት፣ የገዛ አገሩን ሰው መዝገብ ለማሳየት በየዓመቱ ለኩባንያው ይከፍላል፤ አንባቢውም የቤተ መጻሕፍቱ ኮምፒውተር ፊት ካልተቀመጠ አያየውም።

ከሁሉ የምወደው ምሳሌ የፎርት ዌይን፣ ኢንዲያና ነው። የአለን ካውንቲ ቤተ መጻሕፍት ከ1961 ጀምሮ ያደራጀው የዘር ሐረግ ክፍል ከአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሁሉ ትልቁን ስብስብ ከያዙት አንዱ ነው። ሠራተኞቹ በየቦታው የሚታተሙ የትውልድና የአካባቢ ታሪክ መጽሔቶችን በርዕስ በርዕስ የሚጠቁም ማውጫ አዘጋጁ፤ ፐርሲ ይሉታል። መጀመሪያ በወረቀት፣ ከዚያ በሲዲ፣ ከዚያ ለተለያዩ ኩባንያዎች እየተከራየ በክፍያ ሲታይ ኖሮ፣ በመጨረሻ በራሱ በቤተ መጻሕፍቱ ገጽ ላይ በነጻ ይገኝ ጀመር። ይህ የሆነው ቤተ መጻሕፍቱ ፐርሲን አከራየው እንጂ ስላልሸጠው ነው። የኪራዩ ዘመን ሲያልፍ ዕቃው ወደ ቤቱ ተመለሰ።

ወደ ዩታ ስንሄድ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። በሶልት ሌክ ሲቲ የሚገኘው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን በ1894 የትውልድ ማኅበር አቋቋመ፤ ከ1938 ጀምሮ በዓለም ዙሪያ እየዞረ የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዛግብትን ማይክሮፊልም ያነሣ ጀመር። ፊልሞቹ ከከተማው አጠገብ የግራናይት ተራራ ተቦርቡሮ በተሠራ ማከማቻ ውስጥ ተቀመጡ፤ 2.4 ሚሊዮን ጥቅል ደርሰዋል። ሁሉንም ወደ ዲጂታል የመቀየሩ ሥራ በ2021 አለቀ። ፋሚሊሰርች በሚባለው ድረ ገጽ ማንም ሰው ሳይከፍል ያያቸዋል፣ ሁሉንም ባይሆንም። ብዙ ገጾች ላይ «ይህን ማየት የሚችሉት በፋሚሊሰርች ማዕከል ወይም በአጋር ቤተ መጻሕፍት ብቻ ነው» የሚል መልእክት ይመጣል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የዩታዎቹ ንፍገት አይደለም፤ ወረቀቱን የያዘው ቤተ መዛግብት ያስገባው የውል አንቀጽ ነው። መከልከል ብቻ ሳይሆን በልክ መክፈትም ይቻላል ለሚለው ይህ መልእክት ጥሩ ማስረጃ ነው፤ በቸኮሉበት ቀን ሲያዩት ቢያናድድም።

በነጻ መሰጠቱ ግን ዓላማ አለው። ሞርሞኖች የቀደሙ ዘመዶቻቸውን ስም የሚፈልጉት ስለ ሙታኑ ሆነው ጥምቀት ለመፈጸም ነው። በሆሎኮስት ያለቁ አይሁድ ስም በዚህ ሥርዓት ውስጥ መግባቱ ሲታወቅ ቁጣ ተነሣ፤ በ1995 ቤተ ክርስቲያኒቱ ከአይሁድ ድርጅቶች ጋር ተስማምታ ስሞቹን ከዝርዝሯ ለማውጣት ቃል ገባች፤ ከዚያ በኋላም አዳዲስ ጥሰቶች ተገኝተዋል። ቫቲካን በ2008 ለጳጳሳቱ በላከው ደብዳቤ የአጥቢያ መዛግብት ለዩታው ማኅበር እንዳይሰጡ አዘዘ። ለኦርቶዶክስ አንባቢ ይህ ነገር ቶሎ ይገባዋል ብዬ አስባለሁ። ክርስትና የተነሣ ሰው ስም የሰፈረበት ገጽ ለቤተ ክርስቲያን ተራ መረጃ አይደለም፤ አደራ የተባለ ነገር ነው። የቅጂ መብት ሕግ ይህን አደራ አያውቀውም።

መቆለፍን የሚወዱ ሰዎች ግን ሁለት እሳቶችን ሊያስታውሱ ይገባል። በጥር 1921 ዋሽንግተን በሚገኘው የንግድ ሚኒስቴር ሕንጻ ምድር ቤት በተነሣ እሳት የ1890 የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ አብዛኛው ክፉኛ ተጎድቶ በኋላ ጠፋ፤ ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ያ ቆጠራ የተካሄደበት ዘመን ስደተኞች በብዛት የገቡበት፣ ምዕራቡ የተሞላበት ነበርና፣ የዘር ሐረግ ፈላጊ ሁሉ እስከ ዛሬ እዚያች የ20 ዓመት ጉድጓድ ጫፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል። በሰኔ 1922 ደግሞ በአየርላንድ የእርስ በርስ ጦርነት መጀመሪያ ደብሊን ያለው የሕዝብ መዛግብት ቤት ተቃጠለ፤ የሰባት መቶ ዓመት ወረቀት በአንድ ቀን ሄደ። በመቶኛ ዓመቱ፣ በ2022፣ የአየርላንድ ተመራማሪዎች የተቃጠለውን ቤት በኢንተርኔት ላይ መልሰው አቁመው ለሕዝብ ከፈቱ። የጠገኑት እሳቱ ከመነሣቱ በፊት በለንደን፣ በሰሜን አየርላንድና በሌሎች ቤተ መዛግብት ተበትነው በነበሩ ቅጂዎች ነው። አንድ ሰው ዱሮ ተቀምጦ የገለበጣት ማስታወሻ ሳትቀር ተቆጥራለች።

መክፈት ለማን እንደሚጠቅምም ማየት ያስፈልጋል። ጥቁር አሜሪካውያን ዘራቸውን ወደ ኋላ ሲቆጥሩ 1870 ላይ ግድግዳ ይገጥማቸዋል፤ ከባርነት የወጡት በሙሉ ስማቸው በሕዝብ ቆጠራ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰፈረው ያኔ ነውና። ከዚያ በፊት ያለው ፍንጭ ያለው በጌቶቻቸው የኑዛዜና የንብረት ወረቀት ውስጥ፣ ማለትም በነዚያው የካውንቲ ክፍሎችና ፍርድ ቤቶች ምድር ቤት ነው። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ ላይ ነጻ የወጡትን ለመርዳት የተቋቋመው ፍሪድመንስ ቢሮ የተዋቸውን መዛግብት፣ በ2015 እና በ2016 በሺህ የሚቆጠሩ በጎ ፈቃደኞች ተባብረው ስም በስም አወጧቸው፤ ወደ 1.8 ሚሊዮን የሚጠጋ ስም ተገኘ። «ንብረታችን ነው» የሚለው ቃል ከአንድ የቀድሞ የባሪያ ካውንቲ መዝገብ ቤት ሲወጣ እንዴት እንደሚሰማ አስቡት።

መንግሥት የያዘውን መዝገብ በተመለከተ እኔ ትዕግሥቴ አጭር ነው። ግብር በከፈለው ሕዝብ ገንዘብ የተጻፈ ማውጫ ከሕዝቡ የሚደበቅበት ምክንያት የለም። ሪክሌይም ዘ ሪከርድስ የተባለው፣ ብሩክ ሽራየር ጋንዝ ያቋቋመችው ቡድን በ2015 የኒው ዮርክ ከተማን ከስሶ ከ1908 እስከ 1929 ያለውን የጋብቻ ፈቃድ ማውጫ ተረክቦ፣ እንዳለ በነጻ ለቀቀው። የከተማው ቤተ መዛግብት ራሱ በ2022 ሚሊዮኖች የልደት፣ የጋብቻና የሞት መዛግብትን በነጻ ከፍቷል። አልፈረሰም።

ሕያዋንን በተመለከተ ግን ገመዱ መጥበቅ አለበት። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ ለ72 ዓመት ተዘግቶ ይቆያል፤ የ1950ው የተከፈተው ኤፕሪል 1 ቀን 2022 ነበር። የአካባቢ መዝገብ ግን እንዲህ ያለ ወጥ አጥር የለውም። የ1990ዎቹ የሞት ማስታወቂያ ላይ የልጆች፣ የልጅ ልጆች፣ የምራቶች ስም ከነከተማቸው ተዘርዝሯል። ያ ጋዜጣ በወረቀት ሳለ ለማግኘት መኪና መንዳት ያስፈልግ ነበር፤ አሁን አጭበርባሪ የእናት የቤተሰብ ስም ለማግኘት ሁለት ደቂቃ አይፈጅበትም።

ጉዳዩ እኛ ጋ ሲደርስ ደግሞ ይከብዳል። ከ1999 ወዲህ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል፤ ኢትዮጵያ በ2018 የውጭ ጉዲፈቻን ዘጋች። ከነዚያ ልጆች ብዙዎቹ አሁን ጎልማሶች ሆነው እናታቸውን ይፈልጋሉ። ለነሱ አንዲት የቀበሌ ወይም የሕፃናት ማሳደጊያ ወረቀት ከማንኛውም ቤተ መጻሕፍት ትበልጣለች። ነገር ግን ያቺው ወረቀት ኢንተርኔት ላይ ብትለጠፍ፣ ልጅ መውለዷን ለባሏ ያልነገረች እናት ቤት ልትፈርስ ትችላለች። ልጁ ይወቅ፤ ዓለም ሁሉ ግን ማወቅ የለበትም። የመታወቂያ ወረቀት ላይ ብሔር ይጻፍ በነበረበት አገርም፣ የሰው ዘር ሐረግ በእጅ መግባቱ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ማንም ሊያስረዳን አያስፈልግም።

እኛ ዘር የምንቆጥረው ለጨዋታ አልነበረም። ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል። በርስት አገር ደግሞ ሐረጉን እስከ አቅኚው አባት መቁጠር የቻለ ሰው መሬት ይደርሰዋል፤ ያልቻለ ይቀራል። አላን ሆበን ጎጃም ውስጥ አጥንቶ በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ እንዳሳየው፣ ሐረግ አዋቂ ሽማግሌ ማለት ሥልጣን ያለው ሰው ማለት ነበር። እውቀቱን የሚያካፍለውም ለማን፣ መቼና በምን ጉዳይ እንደሆነ መርጦ ነው። የአሜሪካ ካውንቲ ቤተ መጻሕፍትና የጎጃም ሽማግሌ በዚህ ይገናኛሉ፦ የትውልድ እውቀት ከእጅ ሲወጣ ባለእጁም አብሮ ዝቅ ይላል። መንግሥት በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠርን መሬት ሲወርስ ርስት ቀረ፤ ሐረግ የመቁጠሩም ሥራ ዋና ጥቅሙን አጣ።

ጽሑፍ ሆኖ የቀረን ትውልድ ደግሞ በብዛት ያለው በብራና መጻሕፍት ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ነው። መሬት የተሰጠው ሰው፣ መጽሐፉን ያስጻፈው ከነአባቱ፣ የገዳሙ ንብረት፣ የተሸጠና የተለወጠ ሁሉ በወንጌሉ ላይ ይመዘገብ ነበር፤ ማንም በወንጌል ላይ የተጻፈውን ለመፋቅ አይደፍርምና። የሐይቅ እስጢፋኖሱ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ በ13ኛው ክፍለ ዘመን የተጻፈ ሲሆን፣ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮበታል። ዛሬ ተመራማሪዎች ይህን መጽሐፍ ኢኤምኤምኤል 1832 እያሉ ይጠሩታል። ቁጥሩን የሰጠው በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ ነው፤ ከ9 ሺህ በላይ መጻሕፍት ተነሥተዋል። ከፊልሙ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ቀረ፤ ሌላው ሚኒሶታ፣ ኮሌጅቪል ወደሚገኘው የቅዱስ ዮሐንስ ገዳም ቤተ መጻሕፍት ሄደ። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በ1975 በጥይት ቆስለው ሰውነታቸው ሽባ ከሆነ በኋላ፣ ከ1976 ጀምሮ እዚያው ሆነው ሺህ በሺህ ገለጻ ጻፉላቸው። ዛሬ ብዙዎቹን በነጻ ተመዝግቦ በኢንተርኔት ማየት ይቻላል።

ይህ ሥራ ከአሜሪካ ካውንቲዎች ይልቅ ቀድሞ የተሻለ ውል የጻፈ ይመስለኛል። ብራናው ከገዳሙ አልተነቀለም፤ ቅጂው ሁለት አገር አለ፤ የእያንዳንዱ መጽሐፍ ምንጭ ቤተ ክርስቲያን ስሙ ተጽፎ ይገኛል። ቅሬታም አለኝ። ኮሌጅቪል የተቀመጠውን ገጽ አንድ የጀርመን ተማሪ ከቤቱ ሆኖ ያየዋል፤ መጽሐፉን የሚጠብቀው የገዳሙ ዕቃ ቤት ግን ኢንተርኔት የለውም፣ የራሱን መጽሐፍ ምስል አይቶትም አያውቅ ይሆናል። ለምንጩ ሳይደርስ ለዓለም የደረሰ ቅጂ ጎደሎ ነው።

አንድ የማይታለፍ ቴክኒካዊ ጣጣም አለ። የፈረንጅ የዘር ሐረግ ሥርዓት በሙሉ የተሠራው በቤተሰብ ስም ላይ ነው፤ የካርዱ የላይኛው መስመርም እሱ ነው። የኛ ሰው የቤተሰብ ስም የለውም። አሜሪካ የገባ ሰው ሰነዱ ላይ በቤተሰብ ስም ቦታ አንዳንዱ የአባቱን፣ አንዳንዱ የአያቱን ስም ያስገባል፤ ሁለት ወንድማማቾች በሁለት ስም ይመዘገባሉ፣ ሚስት በሌላ። ከመቶ ዓመት በኋላ የነሱን የልጅ ልጅ የሚፈልግ ሰው የሜሪላንድን መዝገብ ቢፈትሽ አንድ ቤተሰብን እንደ አምስት ባዕዳን ያገኛቸዋል። ስም በላቲን ፊደል በስንት ዓይነት እንደሚጻፍ ሲጨመርበት፣ መክፈት ብቻውን ማግኘት እንዳልሆነ ይታያል። ይህን የሚያቃና ማስታወሻ መጻፍ የሚችለው መዝገቡን የያዘው የአካባቢው ሰው ነው።

ያ የአካባቢው ሰው ደግሞ አሁን እኛው ነን። ኢትዮጵያ የልደት፣ የጋብቻና የሞት ምዝገባን በአገር ደረጃ የጀመረችው በ2016 ነው፤ ከዚያ በፊት ማን ከማን ተወለደ ለሚለው ማስረጃው የክርስትና መዝገብ፣ የቀበሌ ወረቀትና የሰው አፍ ነው። በዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው፣ በዳላስ፣ በሎስ አንጀለስ፣ በለንደን ያሉ አጥቢያዎች የክርስትና፣ የጋብቻና የፍትሐት መዝገብ አላቸው፤ የዕድር ማኅበራት ደግሞ የአባሉን፣ የባለቤቱን፣ የልጆቹን፣ አገር ቤት ያሉ ወላጆቹን ስም ሳይቀር በቅጽ ሞልተው ይዘዋል። ብዙው ደብተር ላይ ነው፤ አንዳንዱ ቀድሞ ጸሐፊ የነበረ ሰው ቤት ውስጥ ይሆናል።

ስካነር ይዞ የሚመጣ አካል አይጠፋም፤ በነጻ እንሥራላችሁ ይላል፣ የሚፈረም ወረቀትም ያቀርባል። የሰበካ ጉባኤው ሊቀ መንበር ከመፈረሙ በፊት የሚፈልገው አራት ነገር ነው፦ ሙሉ ጥራት ያለው ቅጂ ለአጥቢያው በራሱ ኮምፒውተር በሚከፈት መልክ ይመለሳል ወይ? ውሉ ለሌላ አካል መስጠትን ይከለክላል ወይ? ኩባንያው ቢሸጥ ቅጂው ምን ይሆናል? አንድ ሰው ስሜን አውጡልኝ ቢል የሚመልስለት ማን ነው? ለአራቱም አጥጋቢ መልስ ከተገኘ የፍትሐቱን መዝገብ ዛሬውኑ ቢሰጥ አልቃወምም። የክርስትናው መዝገብ ላይ ያሉት ሕፃናት ግን አሁን ኮሌጅ ያሉ ልጆች ናቸውና፣ እሱ ዘመኑ እስኪደርስ ቁም ሣጥን ውስጥ ይቆይ፤ ቅጂው ግን ከወዲሁ ሌላ ሕንጻ ውስጥ ይቀመጥለት።